«ሄደን እንጠይቃት»

ሰኔ 13 ቀን 2013 እሁድ ነበር፤ የምርጫው ዋዜማ። የካ አባዶ ላይ ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ አላባራ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ እኛ ብሎክ የሚያስገባው ኮረኮንች ጭቃ ሆኗል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከመገናኛ ከመጣሁበት ታክሲ ወርጄ ስራመድ የናቲን እናት መንገድ ዳር አገኘኋት። ሁለት ካርቶን እግሯ ሥር አስቀምጣ በፌስታል ልትሸፍናቸው ትታገላለች። አንዱን ተቀበልኳት፤ ሌላውን እሷ አቀፈችው። ደረጃው ሥር ስንደርስ እኔ የያዝኩት ካርቶን በዝናብ ርሶ ኖሮ ሥሩ ተቀደደና የልብስ ሳሙናው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ለቃቅመን ወጣን። ምድር ቤት ትንሽ ሱቅ አላት። አዲስ የገዛችውን ዕቃ ሱቅ ውስጥ ማሳደር ስለማትወድ ፎቅ ላይ፣ ቤቷ ነው የምታስገባው። የሆነው ነገር ይኸው ነበር።

የናቲ እናት በዚያ ምርጫ አስፈጻሚ ሆና ተመልምላ ነበር። ሥልጠናውን ወስዳ ስትመለስ መታወቂያ ካርዷን አንገቷ ላይ አድርጋ ሱቋ በር ላይ ቆማ ያየናት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሰፈሩ ያውቃታል። የዱቤ ደብተሯ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው በብሎካችን የለም፤ የእኔም አለ።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን ስከፍት፣ ሰፈራችን በሚጠቀምበት አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ግሩፕ ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል። ከማዶው ብሎክ መስኮት የተነሳ ነው። ካርቶን አቅፋ ደረጃ ስትወጣ ከጀርባዋ ትታያለች። ከፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ክርን አለ፤ ቡናማ ሹራብ የለበሰ ክርን። የእኔ ነው። ፎቶውን የለጠፈው ሰው እኔን ቆርጦ አውጥቶኛል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ይቺ ሴትዮ ነገ ምርጫ አስፈጻሚ ናት። ዛሬ በጨለማ ካርቶን ወደ ቤቷ ታስገባለች። ውስጡ ምን እንዳለ እሷና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ዛሬ ማታ ሄደን እንጠይቃት።» ቀጥሎ የብሎኳ ቁጥርና ፎቋ።

ጨለማ እንኳ አልነበረም። ዝናብ ነበር።

ሁለት ሰዓት

ቀጥሎ ያደረግኩትን ነው እስከ ዛሬ መርሳት ያቃተኝ። ጽሑፉን ሪፖርት አደረግኩ። ምክንያት ምረጥ የሚል ዝርዝር መጣልኝ፤ እርቃን፣ ሁከት፣ ትንኮሳ፣ የጥላቻ ንግግር፣ ሐሰተኛ መረጃ። ሐሰተኛ መረጃ የሚለውን ነካሁ። ስላሳወቁን እናመሰግናለን የሚል መልእክት መጣ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሻይ ጣድኩ።

የናቲ እናት ከእኔ በሁለት ፎቅ ታች ነች። ደረጃው ቢበዛ ሃያ ምናምን እርምጃ ቢሆን ነው። ለምን አልወረድኩም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ነገ ንጋት ላይ ሥራ አለባት፣ ለምን አስጨንቃታለሁ ብዬ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ከእሱ በታች ያለው ሌላው እውነት ግን አመልክቻለሁ የሚለው ስሜት አሳርፎኝ እንደነበር ነው። ቁልፉን ነክቼዋለሁ፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ያነበዋል፣ ያወርደዋል ብዬ አምኜ ነበር። ለሚመለከተው አካል ያመለከተ ሰው ድርሻውን እንደተወጣ ይሰማዋል። እኔም እንደዚያ ተሰማኝና ቁጭ አልኩ።

ቁጭ ብዬ ግን ቁጥሩን አያለሁ። ሼር የተደረገው 9 ጊዜ። ሻዩን ስጠጣ 31። ዜና ሰምቼ ስመለስ 70 አልፏል። ከሥር ያሉት አስተያየቶች መጀመሪያ ጥያቄ ነበሩ፤ «እውነት ነው?» «ማን ያውቃታል?» እያሉ። ቀስ በቀስ ጥያቄው ቀረ። የማያውቋት ሰዎች ስለ እሷ በእርግጠኝነት መናገር ጀመሩ። አንዱ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ዱባይ ታትሞ መምጣቱን አንስቶ ከካርቶኗ ጋር አገናኘው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ካርቶኑ በእኔ እጅ ላይ የተቀደደ የሳሙና ካርቶን መሆኑን «እኔ ነኝ አብሬያት የተሸከምኩት» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ከመቶ ጽሑፎች መካከል ገብቶ ጠፋ። አንድ ሰው «አንተ ደግሞ ስንት ከፈሉህ?» ብሎ መለሰልኝ።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አልነበረም። መብራት በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ስለነበር የስልክ ባትሪዎች ብርሃን በደረጃው ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ጣሪያውን ሲነካ ይታያል። ያኔ ነው የሮጥኩት።

አሥር፣ አሥራ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱን አስተምሬዋለሁ። የናቲ እናት በር ላይ ሳይደርሱ እማማ ዘውዴ ከቤታቸው ወጥተው መወጣጫው መሀል ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ከደረጃው ጫፍ እስከ ጫፍ አጋድመውታል። «ልጆቼ፣ ሰው በቀን ነው የሚጠየቀው። በዚህ ሰዓት የሚመጣ ጠያቂ አላውቅም» ይላሉ። ማንም አልገፋቸውም። ተማሪዬ የነበረው ልጅ እኔን ሲያይ ስልኩን ወደ መሬት ዝቅ አደረገና «ቲቸር፣ እኛ እኮ ልንጠይቃት ብቻ ነው የመጣነው» አለኝ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ምንም አልተናገረችም። ሁለቱንም ካርቶን እየጎተተች አውጥታ ኮሪደሩ ላይ ገለበጠቻቸው። ሳሙናው ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ደረጃው ጫፍ ድረስ ሄደ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ናቲ የትምህርት ቤት ሹራቡን እንደለበሰ ከኋላዋ ቆሟል፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ቁጠሩት» አለቻቸው። አንዱ ልጅ በእርግጥም መቁጠር ጀመረ፤ ከሃያ በኋላ አፍሮ ተወው። ተማሪዬ ተንበርክኮ ሳሙናውን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መመለስ ያዘ። ሲወርዱ ግን ከመካከላቸው አንዱ «ሌላ ቦታ ደብቃው ቢሆንስ?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ማንም አልተመታም። በነጋታው ንጋት እኔና እማማ ዘውዴ ምርጫ ጣቢያው ድረስ ሸኘናት። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ የምርጫ ቦርድ የድምፅ መስጫውን ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አራዘመው፤ እኔ ስመርጥ እሷ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣ መዝገብ ላይ ስም ታመሳክር ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መዝገቡ ተመለሰች። ቆጠራው አልቆ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ እዚያው ነበረች።

ረቡዕ ዕለት ለሪፖርቴ መልስ መጣ። ተመልክተነዋል፣ መመሪያችንን አይጥስም ይላል።

ዋሽንግተን ላይ የተጠየቀው

ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችን ኃላፊዎች የጠየቁባቸውን ችሎቶች ማየት የጀመርኩት። በፊት ስለ እነሱ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ረቡዕ ዕለት ያቺን መልስ ካነበብኩ በኋላ ግን፣ ይህን ኩባንያ ፊት ለፊት አስቀምጦ ለምን ማለት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አለ ወይ የሚለው አላስተኛኝም። አሉ። ምን እንደጠየቁ ማወቅ ፈለግኩ።

መጀመሪያ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2017 ጥቅምት መጨረሻ የተጀመረውን ነው። ከ2016ቱ ምርጫ አንድ ዓመት በኋላ ፌስቡክ፣ ጉግልና ትዊተር ጠበቆቻቸውን ላኩ። ከሩሲያ ድርጅት የወጣውን ይዘት እስከ 126 ሚሊዮን ሰው አይቶት ሊሆን እንደሚችል ፌስቡክ አመነ። በሩብል የተከፈለ የፖለቲካ ማስታወቂያ እንዴት አያጠራጥራችሁም ተብለው ተጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምርጫው ካለፈ አንድ ዓመቱ ነበር እንጂ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2020፣ ምርጫቸው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ የትዊተሩ ጃክ ዶርሲ፣ የፌስቡኩ ማርክ ዛከርበርግና የጉግሉ ሰንዳር ፒቻይ በቪዲዮ ለሴኔቱ ኮሚቴ ቀረቡ። ሴናተር ቴድ ክሩዝ ዶርሲን ማን መርጦህ ነው የአሜሪካ ሕዝብ ምን ይስማ የምትወስነው ብሎ አፋጠጠው። ለምን አወረዳችሁ የሚለው የሪፐብሊካኖቹ ቁጣ ነበር። ዴሞክራቶቹ ደግሞ ለምን ተዋችሁት ይላሉ። በአንድ ችሎት፣ ለአንድ ሰው፣ ሁለት ተቃራኒ ክስ። ሰዓታት የፈጀውን ያን ክርክር ሳይ የተሰማኝ ቅናት ነው። ለምን አወረዳችሁ ለማለት አንድ ሰው ማንበቡን እርግጠኛ መሆን አለብህ። ለምን ተዋችሁትም እንደዚያው። ሁለቱም ወገኖች የሚጣሉት ጽሑፋቸው ተነቧል ብለው ነው። ክርክራቸው የተነበበ ቋንቋ ክርክር ነው።

ከሁሉም ደጋግሜ ያየሁት ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 ላይ የሆነ የጥቂት ደቂቃ ልውውጥ ነው። ዛከርበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴኔት ፊት የቀረበበት ቀን ነው፤ አብዛኛው ጥያቄ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ስለወሰደው ኩባንያ፣ ስለ ካምብሪጅ አናሊቲካ ነበር። ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ግን ምያንማርን አነሳ። አንድ ጋዜጠኛ እንዲገደል የሚጠራ ጽሑፍ በተደጋጋሚ ተጠቁሞ ብዙ ልፋት ካልሆነ በቀር አልወረደም፤ ለምን በ24 ሰዓት ውስጥ ማውረድ አቃታችሁ አለው። ዛከርበርግ በደርዘን የሚቆጠሩ የበርማ ቋንቋ አንባቢዎች እየቀጠርን ነው አለ። አከለናም፣ የጥላቻ ንግግር ከቋንቋ ጋር የተጣበቀ ነገር ስለሆነ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ከሌለ ሥራው ከባድ ነው አለ።

እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቆምኩት። አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር የፌስቡክ ኃላፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮታል። እሱም ያውቃል ማለት ነው። ያን የተናገረው የናቲ እናት ፎቶ ከመለጠፉ ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

ጠየቀ የሚለው ግስ

«ሄደን እንጠይቃት» የሚለውን እስቲ እንየው። ጠየቀ ማለት መልስ ፈለገ ማለት ነው። ጠየቀ ማለት ደግሞ ጎበኘ ማለት ነው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ ያራስ ቤት ይጠየቃል፤ ብርቱካንና ዳቦ ተይዞ የሚኬድበት ቃል ነው። ሦስተኛ ትርጉምም አለው። ተጠያቂ የሚለው ከዚሁ ይወጣል፤ «ሂሳብህን ትጠየቃለህ» ስንል ዕዳህን ትከፍላለህ ማለታችን ነው። ያን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ሦስቱንም ያውቃል። ሰሙ ጥየቃ ነው፣ ወርቁ ሌላ ነው። ፖሊስ ቢጠይቀው ሰሙን ይሰጠዋል። ደረጃ የወጡት ልጆች ወርቁን ሰምተው ነው የመጡት። ተማሪዬ ያለኝን አስታውሱ፤ «ልንጠይቃት ብቻ ነው።» ዋሸኝ ማለት አልችልም።

ጽሑፉ ውስጥ አንድም ስድብ የለም፤ ግደሉ፣ ምቱ፣ አቃጥሉ የሚልም የለም። ተረቱ እንኳ ለአማርኛ ተናጋሪ ነው የሚነድደው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ጊዜው ሳያልፍ ዛሬውኑ ተነሱ ማለት ነው፤ ቃል በቃል የሚያነብ ማሽን ግን ስለ ሁለት እንስሳት ነው የሚያነበው። በሰው ተነቦ ይሁን በማሽን አላውቅም፤ መመሪያችንን አይጥስም ያለኝ አካል ግን ያነበበው ሰሙን ነው። በሰሙ ከሆነ ልክ ነው፤ አይጥስም።

ይህ የእኔ ሰፈር ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። መስከረም 25 ቀን 2014፣ ከዚያች ሌሊት ሦስት ወር ከምናምን በኋላ፣ የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ለሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ምስክርነት ሰጠች። በእኛ አቆጣጠር ወደ ማምሻው ነው። የሰዎችን ስሜት የሚቀሰቅሰውን ይዘት ወደ ላይ የሚያወጣው አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው አለች። የአገሬን ስም በዚያ አዳራሽ ስሰማ ደስታም ኀፍረትም ያልሆነ ነገር ተሰማኝ። ሊቀመንበሩ ብሉመንታል ዴሞክራት ነው፣ አጠገቡ ያለችው ብላክበርን ሪፐብሊካን፤ በዚያን ቀን አልተጣሉም። ሆኖም ጥያቄያቸው በብዛት ስለ ልጆቻቸው ደኅንነት ነበር። እፈርድባቸው ዘንድ አልችልም፤ የመረጣቸው ሕዝብ ልጆች ናቸው። የእኛን የሚጠይቅልን ደግሞ እኛ የመረጥነው ነው መሆን ያለበት።

እሷ ከመሰከረች ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት አንድ ፍተሻ አደረገ። በኢትዮጵያውያን ላይ ጥቃት የሚጠሩ 12 የአማርኛ ማስታወቂያዎችን ለፌስቡክ አስገባ። እነዚህ ሰምና ወርቅ አልነበሩም፤ በግልጽ ግድያ የሚጠሩ ነበሩ። 12ቱም ጸደቁ። ድርጅቱ ሳይሰራጩ ራሱ አወጣቸው። ይህን ሳነብ እኔ ወርቁን አላዩም ብዬ ስከራከር የከረምኩት ሰሙን የሚያነብም ጠፍቶ እንደሆነ ገባኝ።

24 ሰዓት

እኛም ሕግ አለን። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ግለሰቡን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ቅጣቱ ይከብድበታል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችን ደግሞ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ሌሂ ከጠየቀው ሰዓት ጋር አንድ ነው። ለግለሰቡ ዓመትና ብር ተቆጥሯል፤ ለኩባንያው ግን ግዴታው አለ እንጂ ቅጣቱ እዚያ ላይ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ግን ከቅጣቱ በላይ የሚከነክነኝ ሰዓቱ ነው። ልጥፉን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አመለከትኩ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ በሯ ላይ ደረሱ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ኩባንያው ሕጋችንን በፍጹም ታማኝነት አክብሮ በሃያ አራተኛው ሰዓት ቢያወርደው ኖሮ፣ ሰኞ ማታ ላይ፣ ድምፅ መስጫው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነበር የሚወርደው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። በምርጫ ዋዜማ 24 ሰዓት ማለት ምርጫው ሊያልቅ ደርሷል ማለት ነው።

ስለዚህ የምክር ቤት አባል ብሆን ኖሮ ለምን አወረዳችሁ፣ ለምን ተዋችሁ ብዬ አልጀምርም ነበር። የምጠይቀው ቁጥር ነው። በምርጫው ዋዜማ ሌሊት አማርኛ የሚያነብ ስንት ሰው ነቅቶ ነበር? አፋን ኦሮሞስ? ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛስ? የት ሆነው ነው የሚያነቡት? አንድ ጥቆማ ከመምጣቱ እስኪነበብ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ይህ የማይመለስ ጥያቄ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይዘት የሚገመግሙ ሠራተኞቻቸውን በእያንዳንዱ የአባል አገር ቋንቋ ከፋፍለው ቁጥሩን በይፋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ካላከበሩ ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ማልታ ቋንቋዋን ስንት ሰው እንደሚያነብላት ተቆጥሮ ይነገራታል። ያስቆጠረላት ሕግ አውጪ ስላላት ነው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚናገሩት አማርኛ አላስቆጠረም።

አንድ አገር ብቻውን ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 2018 ለንደን ላይ የሆነውን ይመልከት። የዘጠኝ አገር ምክር ቤት አባላት ተሰብስበው ዛከርበርግን ጠሩት። አልመጣም። ስሙ የተጻፈበት ባዶ ወንበር ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፤ ሌላ ኃላፊ ነው መልስ የሰጠው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳ፣ ብራዚል የጠሩት ሰው ካልመጣ አራት ኪሎ ሲጠራው ይመጣል ብዬ ራሴን አላታልልም። ከእነዚያ ከዘጠኙ አንድም አፍሪካዊ አገር እንዳልነበረ ግን ልብ በሉ። ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና እኛ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብንቀመጥ ቢያንስ ባዶ ወንበሩ ፊታችን ላይ ይቀመጥልን ነበር።

አንድ ፍርሃቴን ሳልደብቅ ልናገር። ጥያቄው ከእኛ ባለሥልጣናት እጅ ሲገባ ወደ ሌላ ነገር እንዳይለወጥ እፈራለሁ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጨርሶ ሲቋረጥ፣ በ2015 ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያው ለወራት ሲዘጋ ኖረንበታል። ሐሰቱም እውነቱም አብሮ ነው የሚዘጋው። በዚያው በ2013ቱ ምርጫ፣ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ፌስቡክ ከመንግሥቱ የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም፣ ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ያላቸው ግለሰቦች ያንቀሳቅሱታል ያለውን የሐሰት ገጾች መረብ ማውረዱን አስታውቋል። ስለዚህ አውርዱ የማለት ሥልጣንን ለመንግሥት አሳልፎ መስጠት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኔ የምፈልገው አንባቢ እንዲኖር ነው። አንብቦ ልተወው የሚል ካለ ይተወው፤ ግን በቋንቋዬ አንብቦ፣ ምክንያቱን በቋንቋዬ ጽፎ።

ሌላ በር የፈለጉ ሰዎች አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ደጋግሞ አመልክቷል። በክሱ እንደቀረበው፣ አንዱ ልጥፍ መመሪያ ይጥሳል የሚለው መልስ የመጣው አባቱ ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ክሱ ናይሮቢ ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ያን ዜና ሳነብ የእማማ ዘውዴ መቋሚያ ነው ትዝ ያለኝ። በዚያች ደረጃ ላይ አንዲት አሮጊት ባይቀመጡ ኖሮ ብዬ ጀምሬ መጨረስ አልቻልኩም።

ስልክ

የናቲ እናት ያን ምርጫ ተከትሎ በመጣው ዓመት ሱቋን ለሌላ ሰው ለቅቃ ቱሉ ዲምቱ ገባች። ለምን እንደሄደች ስትጠየቅ ኪራዩን ነው የምታነሳው። ከመሄዷ በፊት የዱቤ ደብተሩን ይዛ ቤት ለቤት ዞራ ሂሳቧን ሰበሰበች። እኔ ዘንድ ስትመጣ ተቀምጣ ቡና ጠጣች። ስለዚያች ሌሊት ያወራነው ያኔ ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ክርንህን እኮ አውቄዋለሁ» አለችኝ። ፎቶውን አይታዋለች። ሻይ ጥጄ የተቀመጥኩበትን ሰዓት ልነግራት ፈልጌ ቃሉ አልወጣልኝም።

በቅርቡ ደወለችልኝ። ናቲ ሚኒስትሪን እንዴት እንዳለፈ ነገረችኝ፤ ስለ እማማ ዘውዴ ጤና ጠየቀች። ከዚያ «ለቀጣዩ ምርጫ አስፈጻሚ ይመዘግባሉ አሉ፤ ልመዝገብ እንዴ?» አለች። ወዲያው ተመዝገቢ ልላት ነበር። እንደ እሷ ያለ ሰው መዝገቡ ኋላ ካልተቀመጠ ማን ይቀመጣል?

«እንደዚያ ጊዜ ቢጽፉብኝስ፣ ለማን ነው የምደውለው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ለእኔ ደውይ አልኳት። ሻይ እንደማልጥድ፣ ወዲያው ታክሲ ይዤ እንደምመጣ ነገርኳት። ከየካ አባዶ ቱሉ ዲምቱ በማታ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ግን «እሺ ቲቸር» ብላ ሰፈሯ የሚኖር፣ በእግር ሊደርስላት የሚችል ሌላ ሰው ስም አብረን እንድናስብ ጠየቀችኝ። ሁለት ስም አገኘን። ጻፈቻቸው።